በሞቴ ያስጠጣኋቸው ሻይ

አሜሪካ፣ ኖርክሮስ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ኔይል ሳሎንና በአንድ የኮሪያ ዳቦ ቤት መሃል በተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ ሰባት ዓመት ሻይ ሸጫለሁ። ሻይ ቤት ማለቴ አይደለም። ፓስቲ የለ፣ ስኳር የለ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ግማሽ ቀን የሚጎለት ሰው የለ። የምንሸጠው ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠሉም እንደ አምባሻ ክብ ሆኖ ተጠፍጥፎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ሥራዬን ጠይቀውኝ ስነግራቸው ወሬውን ወደ ጤናዬ ያዞሩታል። ዲቪ የደረሳት ለዚህ ነው ወይ ማለታቸው እንደሆነ ይገባኛል።

ሻዩ ፑኤር ይባላል፤ ጥሬና የበሰለ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ጥሬው ቅጠሉ የጋለ ብረት ላይ ትንሽ ተማምሶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተጠፍጥፎ ለዓመታት የሚቀመጥ ነው። ዕድሜ ካልጠገበ ይመራል፣ ምላስ ይይዛል፤ ባዶ ሆድ ካገኘ ደግሞ ይቧጥጣል። ሲቀዳ ግን መልኩ ወርቅ ነው። የበሰለው ተከምሮ ውሃ ይረጭበትና ይሸፈናል። ክምሩ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ይገለበጣል፣ ተመልሶ ይግላል፤ እንዲህ አንድ ወር ተኩል ያህል ከርሞ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አፍ ላይ ልዝብ ነው፤ ሽታው ግን ዝናብ የመታው አፈር ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ የማይጠይቅ ደንበኛ የለም። የሱቁ ባለቤት ዩናን ከሚባል የቻይና ክፍለ አገር የመጣች፣ ስድሳን ያለፈች ሴት ናት። ይህን ስትጠየቅ እሷም በተራዋ ትጠይቃለች። ማን ነው የሚጠጣው? ዕድሜው ስንት ነው? ሆዱ ውስጥ ምን አለ? ስለ ሻዩ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው ትላለች። እኔም ይህንኑ ሸምድጄ፣ አሜሪካኖቹ ፊት ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ ሳነበንበው ለሰማኝ ሰው ከሻይ ቅጠል ጋር አብሬ የተወለድኩ እመስል ነበር።

ሰው መቼም በያዘው ነገር መኩራራቱ አይቀርም። እኔ ግን አበዛሁት። ሰው ቤት ሄጄ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ሲቀርብልኝ ከንፈሬን አስነክቼ የምመልስ ሆንኩ። ቅብጥ! ኮምቦልቻ ያደግኩት እኮ በዚያው ሻይ ዳቦ እየነከርኩ ነው።

አባቴ የመጡት ረመዳን ረጅሙ የሰመር ቀን ላይ ከሚውልባቸው ዓመታት በአንዱ ነው። አባባ ነው የምንላቸው። ኮምቦልቻ ገበያ ላይ አርባ ዓመት እህል የነገዱ፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ካላደረጉ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። ጨጓራቸው ከድሮም ሰላም አይሰጣቸውም። ሐኪሙም እኛ ልጆቻቸውም እንዳይጾሙ ብንለምናቸው «ሆዴን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ይዘጉናል። መድኃኒታቸው አብሽ ነው። ዱቄቱን ማታ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየደፉ ምሬቱን ካስለቀቁ በኋላ በማር መትተው ለብ አድርገው ይጠጡታል። ሁልጊዜም የሚያፈጥሩት በአንድ ቴምርና በዚያ አብሽ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ወደ ሆዳቸው አይገባም።

የመጡበት ምክንያት እኔን ማየት ነው፤ ሌላም ጉዳይ ነበረ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴን አልፌ ነበር፤ አንድ ትራክ የሚነዳ ሰው ለትዳር ጠይቆኛል። ወላጆቹ ሞተው ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ናት። እሷም ባህሉን ጠብቃ፣ አባትሽ ካሉ እሳቸው ባሉበት መጥቼ ልያችሁ አለች። እውነቱን ለመናገር ሰውየውን ወድጄው ነበር። ስለዚህ እኅቱን ፈራኋት።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባባን ሱቁን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። የሱቁ ባለቤት ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው፤ ፊታቸውን አይታ ምንም ሳትጠይቅ የበሰለውን አወረደች። አባባ ግን ስኒውን ከማንሳታቸው በፊት ደረቁን ቅጠል በእጃቸው ምልክት ጠየቁ። ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አሹት፣ እፍ አሉበት፣ አፍንጫቸው ስር ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማሽላ ሲገዙም እንዲህ ናቸው። ከጉድጓድ ወጥቶ እንደሆነ፣ ስንት ክረምት እንዳለፈው፣ ውሃ ሰርጎበት እንደሆነ በዚያች አንድ ትንፋሽ ይለያሉ።

«ይሄ ጉድጓድ ከርሞ የወጣ ማሽላ ነው የሚሸተው» አሉ። «በደንብ የተከደነ ጉድጓድ። የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል በያት።»

ባለቤቷ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። አጠገባችን አንድ አሜሪካዊ ደንበኛ ቆሟል። አፈርኩ። ከጉድጓድ ስለወጣ እህል ልናገር? በየሳምንቱ ስለ አበባና ስለ ማር ቃና የምሰብከው ሰው ፊት? «ከዝናብ በኋላ ያለ ጫካ አስታወሰኝ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ከራሳችን ማስታወቂያ ላይ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤቷ ለጨዋነት ያህል ፈገግ አለች። አባባ ፈገግታዋን አይተው «ገባት አይደል?» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ገብቷታል አልኳቸው።

አራት ስኒ ጠጡ። ወደምኖርበት ወደ ታከር ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆዳቸውን እያሻሹ «ይቺ ጥቁሯ ጨጓራዬን ዳበሰችው፣ አልሃምዱሊላህ» አሉ። እኔ መንገዱን እያየሁ እሺ እሺ እላለሁ። ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኅትየዋ የረመዳን ሁለተኛው ቅዳሜ ከባሏ ጋር መጥታ ቤቴ እንደምታፈጥር ደውላ ነግራኛለች። ሰውየው ራሱ በዚያ ሳምንት ትራኩን ይዞ መንገድ ላይ ነው።

እኅትየዋ የምትኖረው አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። አንድ ጊዜ ቤቷ ሄጄ ነበር። ነጭ ሶፋ፣ ነጭ ምንጣፍ፤ ጫማዬን አውልቄ እንኳን የት እንደምረግጥ ጨነቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን አፓርታማ በእሷ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የአባባ ፎጣ ወንበር ላይ፣ ሽርጣቸው የመታጠቢያው በር ላይ፣ የአብሹ ማሰሮ የኩሽናው መስኮት ስር። አብሽ ደግሞ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሽታ አለው። ድሮ የማልሰማው ሽታ በዚያ ሳምንት ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

ሐሙስ ዕለት ሱቅ ሥራ ልጨርስ ስል እንግዶች እንዳሉብኝ ለሱቁ ባለቤት ነገርኳት። ከበሰለው አንዱን ሰበር አድርጋ በወረቀት ጠቀለለችና ይሄ ለአባትሽ ነው ብላ ሰጠችኝ። ተቀበልኩና አመሰገንኩ። ከዚያ ጥሬውን ጠየቅኳት፤ ከትላልቆቹ ዛፎች የተለቀመውን፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን። ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ በመልክ የሚያክለው የለም። አሜሪካኖቹ ፎቶ የሚያነሱት እሱን ነው።

ማን ነው የሚጠጣው አለችኝ። የእኔ እኩዮች ናቸው አልኩ። ባዶ ሆድ ላይ እንዳይሆን አለች። ከእራት በኋላ ነው የማቀርበው አልኩ። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ውሸት። ለስንት ደንበኛ የሰበክኩትን ነገር ነው የምትጠይቀኝ። ፊቷን ሳላይ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እንዲያው ሳይቸግረኝ ነው። የበሰለውን ባቀርብ ማን ይከሰኝ ነበር? ግን ጥቁር ነው፣ አፈር አፈር ይላል፤ እኅትየዋ ስኒውን አሽትታ ባሏን ቀና ብላ ስታየው ታየኝ። አባባም ይህ የጉድጓድ ማሽላ ነው ብለው እንግዳ ፊት ስለ ጉድጓድ ሲያወሩ ታየኝ። ጥሬውን የመረጥኩት በአባቴ አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግለት አላገኘሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአብሹን ማሰሮ ካቢኔት ውስጥ ከተትኩ። ያንን ጥቁር ሻይ ከእሱ ጋር ዘጋሁበት። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ቤቱን አናፈስኩ። አባባን ሽርጡን ትተው ሱሪና ሸሚዝ እንዲለብሱ ለመንኳቸው፤ ቀበቶውን ራሴ አጠበቅኩላቸው። «እንደ ሚዜ አስጌጥሽኝ» ብለው ሳቁ። ፎጣቸውን ግን አልለቀቁም፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሊያፈጥሩ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ኩሽና ብቅ ብለው የመስኮቱን ስር አዩ። አብሹ የት ሄደ አላሉም። እኔ ዛሬ ልዩ ሻይ አለ አልኳቸው። «አንቺ ካልሽ» አሉ።

እንግዶቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው መጡ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ሰማዩ ገና ብርሃን ነው። ቴምሩን በሳህን ደረደርኩ። እንደ አገራችን ወግ ቢሆን ቴምሩ ተበልቶ፣ ውሃ ወይም አብሹ ተጠጥቶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ከዚያ ሾርባና ሳምቡሳ ይቀርባል። እኔ ግን ቴምር ከጥሬ ሻይ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ለደንበኛ ስናገር ኖሬአለሁ፤ በዚያ ምሽት በሦስት ሰው ላይ ልሞክረው ቆርጫለሁ። ስልኩ አዛን እንዳለ ቢስሚላህ አልን። ቴምሩ አፋችን ውስጥ እያለ ሻዩን ቀዳሁ።

ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ ዛፎቹ ዕድሜ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ውሃው ሙቀት። አሥራ ስድስት ሰዓት ለጾመ ሰው ስለ ተራራ ማውራት! እኅትየዋ ስኒዋን አነሳች፣ ቀመሰች፣ ፊቷ ጨምደድ አለ፤ ቶሎ ብላ አስተካከለችው።

«ናይስ ነው» አለች። «ትንሽ ስትሮንግ ነው እንጂ። ሹገር ይኖርሻል? ሶሪ፣ እኔ ጣፋጭ ካልሆነ አልችልም።»

ባሏ ደግሞ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ስኒውን ገሸሽ አደረገና ወደ ቴምሩ ዞረ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። አባባ ያን ጊዜ አዩኝ። ሲያዩኝ ደግሞ አየኋቸው። ስኒያቸውን አንስተው እስከ መጨረሻው ጨለጡና አስቀመጡት።

«እኔ ወድጄዋለሁ» አሉ። «ድገሚኝ።»

ያኔ ብነቃ ኖሮ። አርባ ዓመት እህል ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው፣ መረር ያለ ነገር ሆዳቸውን እንደሚጎዳው ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው፣ ልጃቸው እንግዳ ፊት እንዳትዋረድ ያደረጉት ነው። እኔ ግን እውነት መሰለኝ። ይባስ ብሎ ኩራት ተሰማኝ። ሁለተኛውን ቀዳሁላቸው፤ ጠጡት። እኅትየዋ «አባባ ይችሉበታል እኮ» ብላ ሳቀች፣ ቤቱ ሞቅ አለ። እኔም ሞቅታው እንዳይቀዘቅዝብኝ፣ የዚህ ሻይ ምርጡ ሦስተኛው ውሃ ነው፣ ሦስተኛውን ያልቀመሰ ሻዩን ቀመስኩ አይበል አልኩ። እንግዶቹ የመጀመሪያቸውን ገና አልጨረሱም። ሦስተኛውን ሊጠጣልኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አባባ ስኒውን በመዳፋቸው ከደኑ። «በቃኝ፣ ልጄ።»

«በሞቴ» አልኩ።

ማንም ሰው ማንንም ሲጋብዝ የሚላት ቃል ናት፤ በቀን ሃያ ጊዜ እንላታለን። አባባ ግን እንደ ሌላው ሰው አይሰሟትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ የልጅ ሞት በቀልድ እንኳን ሲጠራ ይደነግጣሉ፤ በሞቴ ተብለው እምቢ ያሉበትን ቀን አላስታውስም። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያልኩት። እጃቸውን ከስኒው ላይ ቀስ ብለው አነሱ፤ ቀዳሁ፤ ጠጡት።

ጥቂት ቆይተው ትንሽ ልናፈስ ብለው ተነሱ። እኔ ሾርባውን ላሞቅ ኩሽና ገባሁ። የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የኩሽናዬ መስኮት መኪና ማቆሚያውን ያያል። የመስኮቱን መከለያ፣ ብላይንዱን፣ በጣቴ ገለጥ አድርጌ ወደ ታች አየሁ።

አባባ በእኔ መኪናና በአትክልቱ መሃል ጎንበስ ብለዋል። አንድ እጃቸው መኪናዬን ይዟል። ትከሻቸው ይነሳል፣ ይወርዳል። አስመለሳቸው፤ ቀና ሊሉ ሲሞክሩ ደግሞ አስመለሳቸው። በርከክ አሉ። ያንን ያጠበቅኩትን ቀበቶ በአንድ እጃቸው ሲፈቱ አየሁ። ፎጣቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። የአፓርታማው ሰዎች በየዓመቱ አበባው ስር የሚነሰንሱት ደረቅ የጥድ ቅጠል አለ፤ እሱን በእጃቸው እየሰበሰቡ ያወጡትን መሸፈን ጀመሩ። ማንም እንዳያይ ግራ ቀኝ ይገላመጣሉ።

ጭልፋው በእጄ ነበር። ከሳሎን እኅትየዋ ጠራችኝ፤ ናፕኪን ፈልጋ ነው። «መጣሁ» አልኩ።

ብላይንዱን ለቀቅኩት። ሾርባውን ቀዳሁ። አራት ጎድጓዳ ሳህን፣ እያንዳንዱ ላይ ድንብላል ነሰነስኩ። ናፕኪኑንም አልረሳሁም።

አባባ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ፈገግ ብለዋል። መታጠቢያ ቤት ገብተው ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ወጥተው በል እንስገድ አሉና እንግዳው ስላከበራቸው አሰገዱን። እኔና እኅትየዋ ከኋላ ነን። ፋቲሃውን ሲያነቡ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቴም ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ቀጠሉ። ስንጨርስ እኅትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሲያነቡ አለቀሱ፣ ማሻአላህ፣ ልቤን ነው የነኩት» አለችኝ። እኔም ማሻአላህ አልኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቆሻሻ ልጣል ብዬ ወረድኩ። የጥድ ቅጠሉ ክምር ከሌላው ከፍ ብሎ ያስታውቃል። በደንብ ነው የከደኑት። አጠገቡ ቆሜ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን አላለቀስኩም፤ ማንም አይቶኝ እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው እንዳደረጉት ማለት ነው።

በማግስቱ ሊያፈጥሩ ሲሉ አብሹ መስኮቱ ስር ተመልሶ ነበር። በማር መትቼ፣ ለብ አድርጌ አቀረብኩላቸው። ጠጡና መረቁኝ። እኔም ትላንት ምን ሆነው ነበር አላልኩም። ሆድ ይፍጀው ብለን ተቀመጥን። ኢድ አልፎ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ካቢኔት ውስጥ የዘጋሁበትን ጥቁር ሻይ ሻንጣቸው ውስጥ ከተትኩት። በስንት ዘመኑ።

ለሱቁ ባለቤት አንድ ነገር ብቻ ተናዘዝኩ፤ ያንን የተሳሳተ ትርጉም። አባቴ ያሉት ጫካ አይደለም፣ ጉድጓድ ከርሞ የወጣ እህል ነው ያሉት አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን ስኒ አስቀመጠች። ሃያ ዓመት ይህን ሽታ ለደንበኛ የማስረዳበት ቃል ስፈልግ ነበር፣ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም አለች። በዚያው ቀን የበሰለው መደርደሪያ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ቀየረችና «መሬት ውስጥ የከረመ እህል» ብላ ጻፈችበት። ደንበኞቹም ወደዷት። እኔ ግን ትንሿን ጥፋት የተናዘዝኩት ትልቋን ለመሸሸግ እንደነበር አውቃለሁ። ጥሬውን ማን ጠጣው ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈጥኜ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ሰውየውን አገባሁት። ደግ ባል ነው፣ ደህና ነን። ቤታችን የሚፈላው ጥቁሩ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ ሆድ ስለማይነካ ነው ብዬዋለሁ። እኅቱም እንደፈራኋት አይደለችም፤ ነጩ ሶፋዋ ላይ ልጆች ጭማቂ ሲደፉ የምትስቅ ሴት ሆና አገኘኋት። አንድ ልማድ ብቻ አላት። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ያንን ምሽት ታነሳለች። አባባ ያን የቻይና ሻይ ሲወዱት፣ እኛ አንዷን መጨረስ አቅቶን እሳቸው ሦስት ስኒ፣ እንደዚያ ያለ ሻይ ወዳጅ አይቼ አላውቅም ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በየዓመቱ ሳቄ እየከበደኝ መጣ።

ባለፈው ኢድ፣ ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ፣ ምሳ ላይ ደግማ አነሳችው። ባሌ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ይስቃል። አልቻልኩም። አባባን ኢድ ሙባረክ ልበላቸው ብዬ ወጣሁና መኪናችን ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ኮምቦልቻ ደወልኩ። እዚያ ምሽት ሆኗል። አባባ ድምፄን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ከሰው ጋር የላክኩላቸውን ጥቁር ሻይ አመሰገኑ፤ ሊያልቅ ነው አሉ። ጤንነታቸውን ጠየቅኩ፣ ጤንነቴን ጠየቁ። ከዚያ ድንገት ከአፌ ወጣ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ እንግዶቹ የመጡ ዕለት፣ ውጭ ሲታመሙ በመስኮት አይቼዎት ነበር።»

ከኋላቸው ይሰማ የነበረውን ሬዲዮ ዘጉት።

«አውቃለሁ» አሉ። «መስኮቱ ላይ ያለው ነገር ሲወዛወዝ አየሁት። ሆዴ ገና አልጨረሰም ነበር። ግን እዚያ ከቆየሁ ይቺ ልጅ ወይ እንግዶቿን ጥላ ትወርዳለች፣ ወይ አባቷን ትታ ትቀራለች አልኩ። ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጪ አልፈለግኩም። ቶሎ ብዬ ቅጠሉን አለበስኩና ተነሳሁ። አብሽሪ፣ ልጄ። የሚያስመርጥ ነገር አልነበረም።»

መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። የቤቱ በር ተከፍቶ የሰው ሳቅ ይሰማል።

ብላይንዱ የተወዛወዘው ስለለቀቅኩት ነው። እሳቸው እንዳልመርጥ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሲጣደፉ፣ እኔ መርጬ ጨርሼ ሾርባ እየቀዳሁ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም። ጥቁሩን በሚቀጥለው ሳምንት እልክልዎታለሁ አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።